ከመኪናው ሥር የተጠየቀ

ጋረደው የግቢውን በር አልፎ ሲገባ፣ በሰሊጥ መጋዘኑ ውስጥ ከቆመችው ትንሽ ቀይ መኪና ላይ ያጎነበሰውን ሰው ፊቱን ሳያይ አወቀው። ሓይሉ ነበር። ሑመራ ላይ ጉልምስናቸውን በአንድ ጋራዥ ያሳለፉ፣ የስንቱን ባለሀብት ትራክተር ከጭቃ ያወጡ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ሰዎች ናቸው። ትከሻው ቢጠብም፣ ፀጉሩ ቢሸብትም የሓይሉ ጀርባ ለጋረደው አይጠፋውም።

ተመልሶ ሊወጣ አሰበ። ግን የቤቱ ባለቤት ሂያም ከኋላው በሩን ዘግታ «ተፈደል፣ ግባ» አለችው።

ሓይሉ ድምፅ ሰምቶ ቀና አለ። ይዞት የነበረው ጨርቅ ከእጁ ወደቀ።

«ጋረደው?»

«እንዴት ነህ ሓይሉ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ? እናኑስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

መተቃቀፍም መሳሳምም አልነበረም። ሂያም አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየችና «ትተዋወቃላችሁ?» ስትል በዐረብኛ ጠየቀች።

«የአንድ አገር ሰዎች ነን» አለ ሓይሉ።

ሂያም ኻርቱም አስተማሪ ነበረች። የሱዳኑ ጦርነት ከዚያ ሲያስወጣት እዚህ ገዳሪፍ ወዳለው የአባቷ ቤት ተመለሰች። መኪናዋም የአባቷ ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣራዋ ጨርቅ የሆነ፣ የእንግሊዝ ሥሪት ኤም ጂ። አንድ የእርሻ ባለሙያ እንግሊዛዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ለአባቷ ሸጦለት ነው የሄደው። አባቷ ከሞተ በኋላ ወንድሟ ይንከባከባት ነበር። በየዒዱ ከኻርቱም ይመጣል፣ አቧራዋን ይጠርጋል፣ እናታቸውን ከጎኑ አስቀምጦ ከተማውን አንድ ዙር ያዞራታል። ጦርነቱ ሲነሣ ቤት ልጠብቅ ብሎ ኻርቱም የቀረው እሱ ነው። ሬሳው እንኳ አልመጣም።

አሁን ከየቦታው የተፈናቀለ ዘመድ ቤቱን ሞልቶታል። መጋዘኑ ጸድቶ ሰው ሊተኛበት፣ መኪናዋም ኸሽም ኤል ቂርባ ወዳለው የአጎቷ ግቢ ልትሄድ ነው። ጎትተን እንውሰዳት ያሏትን ሁሉ ሂያም እምቢ አለቻቸው። «ወንድሜ ነድቶ ነው ያስገባት፤ ተነድታ ትወጣለች» አለች።

ሓይሉ የቤንዚን ጋኑን አጥቦ፣ ሁለቱን ካርቡራቶሮች ፈትቶ ገጥሞ፣ ካንዴላዎቹን ቀይሮ ጨርሷል። ሞተሩ ይዞራል፣ ያስላል፣ በካርቡራቶሩ በኩል እሳት ይተፋል፤ አይነሣም። አንድ ሰው ከዚህ ቀደም እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር ነቅሎ መልሶ ስለ ከተተው እሳቱ ጊዜውን ስቷል። እሳት ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መነሣት አለበት። ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ከዘገየ ጉልበት ያጣል። ያንን ለማስተካከል ደግሞ የዚህች መኪና ምልክት ቺንጊያው ከሚዞርበት ፑሊ ሥር፣ ወደ መሬት ዞሮ ነው ያለው፤ ከላይ አይታይም። ሓይሉ ከጭነት መኪና ወድቆ ወገቡን ከተጎዳ ወዲህ መሬት ላይ ተንጋልሎ መሥራት አይችልም። «የቤንዚን ሞተር የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጊልኝ» አላት። ሂያም ወደ ጋራዦቹ ሄዳ ጠየቀች፤ አዲስ የመጣውን ሐበሻ አሳዩዋት። ያ ሐበሻ ጋረደው መሆኑን ሓይሉ ከየት ይወቀው።

ሁለቱን ሰዎች ያራራቋቸው ጦርነቱና ልጆቻቸው ናቸው፤ ያገናኟቸውም ልጆቻቸው ነበሩ።

ማኅደር ለጋረደው አንድ ልጅ ናት። ሃየሎም የሓይሉ ልጅ ነው። በአንድ ሰፈር አድገው፣ ተዋደው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጦ ነበር። ሁለቱ አባቶች ገና ሠርጉ ሳይደርስ «አማቼ» መባባል ጀምረው ጋራዡ ውስጥ ይሣቅባቸው ነበር። የትግራዩ ጦርነት ሲመጣ ሓይሉና ልጁ ተከዜን ተሻግረው ሱዳን ገቡ። ጋረደው፣ ሚስቱ እናኑና ማኅደር እዚያው ቀሩ። ከዚያ በየቤቱ ሬሳ ገባ። የጋረደው ታናሽ ወንድም ሞተ፤ የሓይሉም ወንድም ሞተ። የተቆረጠው ቀን ማንም ስሙን ሳያነሣው አለፈ።

ማኅደር ግን አልረሳችውም። ስልክ ሲከፈት ከሃየሎም ጋር በድብቅ መነጋገር ጀመረች። አንድ ቀን መተማ አክስቷ ዘንድ እንደምትሄድ ለእናቷ ነግራ ወጣች፤ ድንበሩን ተሻግራ ቱነይድባ የስደተኞች መጠለያ ገባች። ጋረደው ሲሰማ «እንግዲያውስ ልጅ የለኝም» አለ። አፉ እንጂ ሆዱ አላለም። ቀን እየሄደ ሲመጣ ስልኳም አልሠራ አለ። ሲብስበት የአጨዳ ሠራተኞች መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ በገላባት በኩል ልጁን ፍለጋ ገባ።

ቱነይድባ ደርሶ ነበር። ሻይ የምትሸጥ ኣልጋነሽ የምትባል የሑመራ ሴት አገኘ፤ ማኅደርን ከሕፃንነቷ የምታውቅ። «ልጄን አይተሻታል?» አላት። ኣልጋነሽ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ለደንበኛዋ ሳትሰጠው ቆማ ቀረች። «ሓይሉን ጠይቀው፤ ገዳሪፍ ወርዷል» ብላ ወደ ዳሷ ውስጥ ገባች። አልወጣችም። ጋረደው እዚያ ቆሞ የዳሷን ጨርቅ ሲያይ ቆየ።

ገዳሪፍ መጣ፤ ጋራዥ ገብቶ ሥራ ያዘ። ሓይሉን ግን አልፈለገውም። እንዳያገኘው ገበያው ባለበት በኩል እንኳ አይሄድም ነበር። እስካልጠየቀ ድረስ ማንም አይነግረውም፤ ማንም እስካልነገረው ድረስ ማኅደር አንድ ቦታ አለች።

አሁን ሓይሉ ከፊቱ ቆሟል።

«ሥራው ምንድነው?» አለ ጋረደው እጅጌውን እየጠቀለለ።

ሓይሉ ነገረው። ጋረደው ካርቶን ዘርግቶ፣ በጀርባው ተንሸራቶ ከመኪናዋ ሥር ገባ። እዚያ መግባቱ ደስ አሰኘው። የሓይሉን ፊት ማየት አያስፈልገውም። ከሥር የሚታዩት ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሁለት የሓይሉ እግሮች ብቻ ናቸው።

ካንዴላዎቹ ወልቀዋል፤ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። ሓይሉ በአንድ እጁ የአንደኛውን ሲሊንደር ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ደፍኖ፣ በሌላው ቺንጊያውን እየሳበ ሞተሩን ማዞር ጀመረ።

«ትንፋሹ ጣቴን እየገፋው ነው» አለ ሓይሉ። «ምልክቱ መጣ?»

«እየመጣ ነው። ቀስ በል።»

«እሺ።»

«ቀስ… ቀስ… አለፈ።»

«ልመልሰው?»

«አብዝተህ መልሰውና እንደገና ወደፊት አምጣው። የውስጡ ሰንሰለት እንዳይላላ።»

«አውቃለሁ» አለ ሓይሉ። ድሮ ቢሆን ይቺን ተመርኩዞ አንድ ቀልድ ይወረውር ነበር። አሁን ግን ቺንጊያውን ወደኋላ መለሰ፣ እንደገና ወደፊት አመጣ።

«ቁም። እዚያው ላይ ነው።»

ቀጥሎ ሓይሉ ከኋላ መብራት የተፈታች አንዲት አምፖል በሽቦ አገናኘ። በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለችው ፑንቲና የምትባል ትንሽ መገናኛ ስትከፈት አምፖሏ ትበራለች፤ እሳቱ የሚነሣው ያን ጊዜ ነው። ጋረደው ምልክቱ እንዳይነቃነቅ ከሥር ይጠብቃል፤ አምፖሏን አያያትም። ሓይሉ አምፖሏን ያያል፤ ምልክቱን አያየውም። ስለዚህ ከመነጋገር በቀር መላ የለም።

«በራ?»

«አልበራም።»

«ምልክቱ አልተነቃነቀም። ትንሽ አዙረው።»

«እያዞርኩ ነው።»

«በራ?»

«ገና።»

ጋረደው የቀዘቀዘውን የፑሊ ብረት በጣቱ ነካው። ከላይ የሓይሉ ትንፋሽ ይሰማዋል።

«ሓይሉ።»

«አቤት።»

«ማኅደር ወዳንተ መጥታ ነበር?»

የሓይሉ እግሮች ባሉበት ደረቁ። ሂያም ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አማርኛ አትሰማም።

«መጥታ ነበር» አለ ሓይሉ።

«ተጋቡ?»

«ተጋቡ። ኣልጋነሽ እንደ እናት ሆና ዳረቻት። ሽማግሌዎች ነበሩ። ጎጆ ሠራንላቸው። ክፉ ቃል ሲነጋገሩ አልሰማሁም፣ ጋረደው። በማርያም፣ አንድ ቀን አልሰማሁም።»

ጋረደው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው፤ ያንን ለማውጣት አፉ እምቢ አለው። ሓይሉ ግን ጠበቀው። ሳይጠየቅ መናገር አልቻለም።

«አሁንስ?» አለ ጋረደው በመጨረሻ።

«ቁረይሻ እርሻ ላይ አረም ሊያርሙ ሄዱ» አለ ሓይሉ። ድምፁ ተሰባበረ። «ሁለቱም። ክረምት ነበር። ያ ተቅማጥና ትውከት የገባ ጊዜ። ያዛት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባም። ሃየሎም በጀርባው አዘላት። ትራክተር እስኪያገኝ ድረስ አዘላት። እዚህ ሐኪም ቤት በር ላይ ስትደርስ… እኔም እዚያው ነበርኩ። በእጄ ላይ ነው ጋረደው። ብቻዋን አልነበረችም።»

ሓይሉ ዲስትሪቢዩተሩን እንደ ያዘ ነበር። እጁ ሲንቀጠቀጥ ዞረ፤ አምፖሏ ቦግ አለች።

«በራ» አለ ሓይሉ።

«እሰረው» አለ ጋረደው።

ሓይሉ በካቻቪቴው ማሠሪያውን አጠበቀ። ጋረደው ግን ከሥር አልወጣም። ተንጋልሎ የሞተሩን ሆድ፣ የደረቀውን ዘይት፣ የሸረሪቱን ድር ያያል። ሂያም «ምን ሆነ? ደከመው?» ብላ ጠየቀች። ሓይሉ ራሱን ነቀነቀ። ብዙ ከቆየ በኋላ ጋረደው ተንሸራቶ ወጣ። ፊቱ አቧራ ብቻ ነው። ካንዴላዎቹን አንሥቶ አንድ በአንድ አሰራቸው፤ ሽቦዎቹን በየተራቸው ሰካ። አልተሳሳተም። እጁ ከሱ ተለይቶ ለብቻው የሚሠራ ይመስል ነበር።

«አስነሺ» አላት ሂያምን።

ሂያም መሪው ላይ ገባች፤ ቢስሚላ ብላ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ አሳለ፣ ሁለቴ አሳለና ተነሣ። ሰሊጥ ሰሊጥ የሚሸተው የመጋዘን አቧራ ከግድግዳው ረገፈ። ሂያም ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ዕንባዋ በጣቶቿ መካከል ወረደ። የወንድሟን ስም ጠራች።

ጋረደው ሞተሩ ላይ አጎነበሰ። ማሠሪያውን ላላ አድርጎ፣ ዲስትሪቢዩተሩን በሁለት እጁ ይዞ በጆሮው ማስተካከል ጀመረ። ድምፁ ሻከረ፣ ለሰለሰ፣ እንደገና ሻከረ፣ ከዚያ ጠራ። አሰረው። ሥራው አለቀ። ቀና ማለት ግን አልቻለም።

«ጨምሪ» አላት።

ቤንዚን ሰጠች። ሞተሩ ጮኸ።

«ጨምሪ!»

ጨመረች። መጋዘኑ ሁሉ ተናወጠ። «ጨምሪ! ዚዲ! ዚዲ!» አላት በሁለቱም ቋንቋ። ሂያም ግራ ገብቷት እግሯን እስከ መጨረሻው ጫነች። ሓይሉ ግን ገባው። ጋረደው ፊቱን ወደ ጋለው ብረት ደፍቶ፣ አፉን ከፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ይጮህ ነበር። ትከሻው ይርገፈገፋል።

ሂያም የሰውየውን ትከሻ ስታይ ደነገጠች፤ ቁልፉን መለሰችው። ሞተሩ ጠፋ። ጸጥታው ውስጥ «ልጄን! ልጄን! ልጄን!» የሚለው የጋረደው ድምፅ ብቻውን ቀረ። ከዋናው ቤት ሴቶች ወጡ፤ ሕፃናት መጋዘኑ በር ላይ ቆሙ።

ሓይሉ በዐረብኛ ነገራት። «ልጁ ናት። የኔ ልጅ ሚስት። ሞታብን እሱ አልሰማም ነበር። አሁን ነገርኩት።»

ሂያም ከመኪናዋ ወረደች። በእነሱ ወግ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ጸለየችና «አልበረካ ፊኩም» ብላ አጽናናቻቸው። ከዚያ ለሬሳ እንኳ ያልታደለች እኅት እንደምትጠይቅ ጠየቀች። «መቃብር አላት?»

«አላት። እዚሁ፣ ከከተማው ዳር። የክርስቲያኖቹ መቃብር።»

ሂያም ቁልፉን ነቅላ በሓይሉ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ሁለት ሰው ነው የምትይዘው። ውሰደው» አለች።

ጣራውን ለማጠፍ እንኳ አልደፈሩም፤ እንደዚያው ገቡ። ጉልበቶቻቸው ተነካኩ። ሓይሉ ነዳ። መኪናዋ በገበያው መካከል፣ ረክሻ በሚሏቸው ባጃጆችና በአህያ ጋሪዎቹ መካከል ያለ ምንም መንተባተብ ሄደች። አንዳንዱ ሰው ቆሞ አያት፤ አንድ ሽማግሌ የሂያምን ወንድም መስሎት እጁን አነሣ። ጋረደው ምንም አላየም።

መቃብሩ ከእሾሃማ ቁጥቋጦ ጎን፣ ጥቁር አፈር ላይ ነው። አፈሩ በበጋው ፀሐይ ተሰነጣጥቋል። ሓይሉ ወደ አንዲት የብረት መስቀል መራው። ከትራክተር ማረሻ ብረት የተበየደች ናት፤ በብየዳ ጠብታ «ማኅደር ጋረደው» ተብሎ ተጽፎባታል። ጋረደው ተንበረከከ። ስንጥቁ ውስጥ እጁን ከተተ፣ እስከ አንጓው ድረስ። እዚያ ያለች ይመስል ሊነካት ፈለገ።

«ብርድ አትወድም ነበር» አለ። «በጥቅምት ሌሊት እንኳ ከእናቷ ጋቢ አትወጣም።»

«እዚህ ብርድ የለም» አለ ሓይሉ እያለቀሰ።

ብዙ ተቀመጡ። ሓይሉ ስለ ሃየሎም ነገረው። ከቀብሩ በኋላ ሃየሎም ከሰው መነጋገር ተወ፤ በጎጆዋ ደጅ ይቀመጥ ነበር። አንድ ማለዳ ሊቢያ ከሚሄዱ ልጆች ጋር ወጣ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። «አንተ መቃብር አለህ» አለ ሓይሉ፤ ወዲያው በተናገረው አፍሮ አንገቱን ደፋ። ጋረደው ግን አልተቆጣም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ጋረደው።

«እናኑ ጋ ደውዬ ነበር» አለ ሓይሉ። «ልነግራት። ስልኩን ስታነሣ ድምፄን ለየችው። ‹ሓይሉ! ልጄ ደህና ናት?› አለችኝ፤ በደስታ። ጋረደው፣ አፌ ‹ደህና ናት› አለ። ሳላስበው አለ። ስልኩን ዘጋሁት። ዳግመኛ መደወል አልቻልኩም። እናኑም ላንተ አልነገረችህም መሰለኝ፤ እንዳትቆጣባት ብላ።»

ጋረደው ዐይኑን ጨፈነ። እናኑ እሱ ከመውጣቱ በፊት ለምን የጨርቅ ነጋዴውን የሕፃን ልብስ ዋጋ ስትጠይቅ እንደሰነበተች አሁን ገባው። ልጇ ተድራ፣ ወልዳ ይሆናል ብላ ነው።

ስልኩን አወጣ። ደወለ። ከሩቅ፣ እየተቆራረጠ የእናኑ ድምፅ መጣ። «ጋረደው! አገኘሃት?»

ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ሃሎ? አገኘሃት ወይ? እስቲ ስጠኝ፤ ድምጿን ልስማው!» አለች እናኑ። ጋረደው ስልኩን ለሓይሉ ዘረጋለት። ሓይሉ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«እናኑ፣ ሓይሉ ነኝ» አለ። «ያን ቀን የነገርኩሽ… እውነት አልነበረም፣ እኅቴ። ይቅር በዪኝ። እውነት አልነበረም።»

ያሰማችው ጩኸት ስልኩን አልፎ መቃብሩ መካከል ተሰማ። ሁለቱ ሰዎች ስልኩን በመካከላቸው ይዘው፣ ጎረቤቶች እናኑ ቤት እስኪደርሱና የሚያጽናና የሴት ድምፅ ከዚያ ወገን እስኪሰማ ድረስ አልዘጉትም።

ሂያም ባዶውን መጋዘን አስጠርጋ ሰሌን አነጠፈች። ለቅሶው እዚያ ሆነ። ኣልጋነሽ ከቱነይድባ መጣች፤ ከአጨዳ የቀሩ የጎንደር ልጆችም መጡ፤ ከትግራይ የመጡም፣ የሂያም ዘመዶችም አብረው ተቀመጡ። በለቅሶው ማግሥት ሂያም መኪናዋን ራሷ ነድታ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ሄደች።

ጋረደው ወደ እናኑ መመለስ ነበረበት። ሓይሉ እስከ ገላባት ሸኘው። ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ አጠገብ ቆሙ። ከማዶ መተማ ነው፤ የሚጮኹ ባጃጆች፣ የሚታወቅ ቋንቋ። ሓይሉ ከጦርነቱ ወዲህ ወደዚያ ማዶ አይሄድም፤ ለምን እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሃየሎም ከደወለልህ» አለ ጋረደው፣ «በማንኛውም ሰዓት ደውልልኝ።»

«እሺ።»

«እንዳትዘጋብኝ ደግሞ። ክፉም ቢሆን ንገረኝ። የኔም ልጅ ነው።»

ተቃቀፉ። ጋረደው ድልድዩን ይዞ ሄደ፤ መሐል ሲደርስ አንዴ ዞረ፤ ከዚያ ሰው መካከል ገባ። ሓይሉ ወደ ገዳሪፍ የሚመለስ የጭነት መኪና እስኪያገኝ ድረስ ከአንድ የሻይ ዳስ ሥር ተቀመጠ። ሻይ አዘዘ፤ አልጠጣውም።